ስድስት ነጥብ አምስት

ጥቅምት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእንግሊዝኛ ፈተና የማዘጋጅበት አዲሱ የማታ ክፍል ዛሬ ተጀመረ። አራት ኪሎ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ በላይ ያለችው ያችው ጠባብ ክፍል ናት። ቀን የማስተምራቸው የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጆች ድምፄን ጨርሰውት ስለምመጣ ሻይ ሳልይዝ አልገባም።

እንደ ወትሮው የመጀመሪያው ጥያቄ «ቲቸር፣ በስንት ጊዜ ያልቃል?» ሆነ። እኔም እንደ ወትሮው፣ «መጀመሪያ የምታመለክቱበት ዩኒቨርሲቲ ምን እንደሚጠይቅ ስልካችሁ ላይ አውጡና አሳዩኝ» አልኳቸው። ግማሾቹ የሚያሳዩት የላቸውም። «ውጭ» መሄድ እንደሚፈልጉ እንጂ የት እንደሆነ ገና አልወሰኑም። አይኤልትስ ተፈትኖ ከዚያ አገር መምረጥ ነው ሐሳባቸው። ውጤቱ የሚያገለግለው ለ2 ዓመት ብቻ መሆኑን ስነግራቸው አንድ ሁለቱ ተያዩ።

አንዲት ነርስ ግን ተዘጋጅታ መጥታለች። ብሪታኒያ፣ የሕዝብ ጤና ማስተርስ። መስፈርቱን ጮክ ብላ አነበበችው፤ አጠቃላይ 6.5። «ቀጥሎ ያለውንም አንብቢው» አልኳት። «በየትኛውም ክፍል ከ6.0 ያላነሰ» ይላል። ሰው ሁሉ የሚዘላት ዓረፍተ ነገር ይህቺ ናት።

ጥግ ላይ የተቀመጠው መሐንዲስ የጣሊያን ዩኒቨርሲቲ ገጽ አሳየኝ። የመጀመሪያ ዲግሪውን በእንግሊዝኛ የተማረ አመልካች ከተማረበት ዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ካመጣ ይበቃዋል ይላል። «ታዲያ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ? ነገ ሬጅስትራር ሂድ» አልኩት። የክፍያ ደረሰኙን ገና ኪሱ አልከተተውም ነበር። የማስጠኛ ቤቱ ባለቤት በኋላ በረንዳ ላይ ይዞኝ፣ «አንተ ሰው፣ የመጣልንን ተማሪ በር ከፍተህ ትሸኛለህ?» አለኝ። እሸኛለሁ። ደብዳቤ ለሚበቃው ሰው ትምህርት መሸጥ አልወድም።

ጥቅምት 16

መሐንዲሱ ደብዳቤውን ሊያሳየኝ መጣ። ሁለት መስመር ጽሑፍና ሰማያዊ ማኅተም፤ ትምህርቱን የተከታተለው በእንግሊዝኛ ቋንቋ መሆኑን ያረጋግጣል። ይህን ለማግኘት ቴምፖራሪውንና ስቱደንት ኮፒውን ይዞ ከመስኮት መስኮት መዞር ነበረበት። ኦሪጅናል ዲግሪው ገና በእጁ አይደለም፤ የኮስት ሼሪንግ ዕዳው አላለቀም። ጣሊያኖቹ ኋላ ኦሪጅናሉን ሲጠይቁት ያው ዕዳ ይጠብቀዋል።

ይህን የእንግሊዝኛ ማስረጃ ነገር ሳስበው ሁልጊዜ ያስቀኛል፤ አንዳንዴም ያናድደኛል። ከጣሊያን ወረራ በፊት የነበሩት የአዲስ አበባ ተማሪዎች በአብዛኛው ፈረንሳይኛ ነበር የሚማሩት። ከ1933 ዓ.ም. በኋላ እንግሊዝኛ ቦታውን ያዘ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት የሚመራው ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ቄስ፣ ማስተማሪያውም እንግሊዝኛ ነበር። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን ለአፍ መፍቻ ቋንቋዎች ሲሰጥ ሁለተኛ ደረጃንና ዩኒቨርሲቲን ለእንግሊዝኛ ተወ። ስለዚህ እኔ ፊት የሚቀመጠው ልጅ ፊዚክሱንም፣ ታሪኩንም፣ የመመረቂያ ጽሑፉንም በእንግሊዝኛ ጨርሶ ነው የመጣው። አሁን እንግሊዝኛ ማወቁን ከፍሎ ያስመስክር ይባላል። የብሪታኒያ የቪዛ ሕግ እንግሊዝኛ የአብዛኛው ሕዝብ ቋንቋ ነው ብሎ በዘረዘራቸው አገሮች ውስጥ እኛ የለንም፤ ያለመኖራችን እንኳ አይገርምም፣ ናይጄሪያና ኬንያም የሉበትም።

ደግሞ ሁላችንም የምናውቀውን ልጻፈው። መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው፤ ፈተናውም እንግሊዝኛ ነው። አስተማሪው ግን ቾኩን አስቀምጦ «አሁን ነገሩ ምን መሰላችሁ» ብሎ የሚያስረዳው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ ነው። ይህንን ቀን ቀን እኔም አደርገዋለሁ፤ ልጆቹ እንዲገባቸው እፈልጋለኋ! ሰማያዊው ማኅተም አልዋሸም፤ ክፍል ውስጥ ያለውን ሁሉ ግን አይናገርም። ስለዚህ ፈተናውን ሙሉ በሙሉ ልረግመው አልችልም።

ጥቅምት 22

ዛሬ ሪዲንግ። «እውነት»፣ «ሐሰት»፣ «አልተጠቀሰም» የሚለው የጥያቄ ዓይነት ላይ ደረስን፤ እንደ ተለመደው ክፍሉ ጦፈ።

የራሴን ምሳሌ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። «ዳቦ ቤቱ ጠዋት 12 ሰዓት ይከፈታል። አሥር ሠራተኞች አሉት።» ከሥሩ ደግሞ ጥያቄው፤ «ዳቦ ቤቱ ማታ ይዘጋል።» ከአንዷ በቀር ሁሉም «እውነት» አሉ። አልተጠቀሰም ስላቸው ከአንድ ክልል ዩኒቨርሲቲ የመጣው፣ ለፒኤችዲ የሚያመለክተው መምህር ብድግ አለ።

«ቲቸር፣ ጠዋት የሚከፈት ዳቦ ቤት ማታ ካልዘጋ መቼ ሊዘጋ ነው?»

«እሱን ጽሑፉ አልነገረንም።»

«እንዴ! በአእምሮ የሚታወቅ ነገር እኮ ነው።»

«በአእምሮህ የምታውቀውን አይደለም የጠየቁህ። ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው።»

አልተዋጠለትም። ሁለት ዲግሪ ያለው ሰው ነው፤ ያነበበውን ከሚያውቀው ጋር እያገናኘ ክፍተቱን ሲሞላ ነው የኖረው። ያንን ለአንድ ሰዓት ተው ተብሎ ቢከብደው አልፈርድበትም። 40 ጥያቄ በ60 ደቂቃ ነው። እሱ አንዷ ጥያቄ ላይ እንዲህ ከተከራከረ ሦስተኛው ጽሑፍ ጋ ሳይደርስ እርሳስ አስቀምጡ ይባላል። «ክርክሩን ለፒኤችዲህ አቆየው» አልኩትና ሳቁብን።

ጸጥ ብላ «አልተጠቀሰም» ያለችው አንዷ ተማሪ የባንክ ገንዘብ ያዥ ናት። ለምን እንደሆነ ብጠይቃት፣ «ፊርማ ከሌለበት የለም ነው ቲቸር» አለች።

ኅዳር 3

ስፒኪንግ ስናለማምድ ከደብረ ማርቆስ የመጣው የሒሳብ ሠራተኛ ተራ ደረሰው። ሰዋስው የሚባል ነገር አያስቸግረውም፤ ክፍሉ ውስጥ ከእሱ የተሻለ የሚጽፍ የለም። እኔ ፈታኝ ሆኜ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። የት ነው የምትኖረው? ኮተቤ። ሰፈርህን ትወደዋለህ? አዎ። ከዚያ ዝም። እኔም ዝም አልኩ። እሱ መሬት መሬት ያያል።

«ለምን እንደምትወደው አትነግረኝም?»

«ሳልጠየቅ ማብዛት ይሆናል ብዬ ነው ቲቸር።»

እናቱ እንዲህ ነው ያሳደገችው፤ ጥሩ አድርጋ ነው ያሳደገችው። ታላቅ ሲጠይቅ አጠር አድርገህ መልስ፣ ስለ ራስህ አታብዛ፣ ዓይን ዓይን አትይ። ከ11 እስከ 14 ደቂቃ በሚፈጀው ቃለ መጠይቅ ግን ይህ ሁሉ ዋጋ ያስከፍለዋል። ፈታኙ የሚያርመው አራት ነገር ነው፤ ሳይደነቃቀፉ አያይዞ መናገርን፣ የቃላት ሀብትን፣ ሰዋስውንና አነጋገሩ ለጆሮ መግባቱን። ጨዋነት የሚባል ነጥብ የለም። ዝም ላለ ሰው ከአራቱ አንዱንም መስጠት አይችልም፤ የሚያርመው ነገር አላገኘማ።

ሁለተኛው ክፍል ባሰ። ካርድ ተሰጥቶት አንድ ደቂቃ ያስብና እስከ ሁለት ደቂቃ ብቻውን ይናገራል። የደረሰው ካርድ «በቅርቡ ስለ ጎበኙት ሙዚየም ይናገሩ» የሚል ነበር። ደቂቃው ሲያልቅ ቀና ብሎ፣ «አልሄድኩም» አለ። በቃ፣ ጨረሰ።

ሌሎቹ «ዋሻ! ብሔራዊ ሙዚየም ሄጄ ሉሲን አየሁ በል! ማን ሊያጣራህ?» ብለው ጮኹበት። ፊቱን ሳየው መዋሸቱ እንግሊዝኛውን ጭምር እንደሚያጠፋበት ገባኝ። «እሺ፣ ለምን እንዳልሄድክ ተናገር» አልኩት። ያኔ ተለቀቀ። ቅዳሜ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ፣ እሑድ ታናሽ ወንድሙን እንደሚያስጠና፣ በሙዚየሙ በር በታክሲ ሲያልፍ የውጭ ሰዎች ተሰልፈው እንደሚያይ፣ አንድ ቀን ወንድሙን ይዞት ሊገባ እንዳሰበ ነገረን። ሁለት ደቂቃው ሞልቶ ተረፈ። ካርዱ ከሚጠይቀው ሳይወጡ በእውነቱ መሄድ ይቻላል። ቢያንስ ለእሱ ይህ ይሻለዋል፤ ተሸምድዶ የመጣን የሌላ ሰው ታሪክ ፈታኞቹ ከሩቁ ያውቁታል።

ኅዳር 8

ዋጋ። ከክፍል በኋላ ወሬው ሁሉ እሱ ነው። አምና ሐምሌ 22 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ደመወዝ ያው ደመወዝ ነው፤ የማመልከቻ ክፍያ፣ ፈተና፣ ሰነድ በፈጣን መልእክት መላክ ግን ሁሉም መነሻው የውጭ ገንዘብ ነው። የሒሳብ ሠራተኛው ወረቀት አውጥቶ የራሱን ደምሮ አሳየኝ። ፈተናው ብቻውን የወር ደመወዙን ውጦ ያልፋል። ድጋሚ መፈተን የሚለውን መስመር ጨርሶ አልጻፈውም።

የኤራስመስ ሙንዱስን የነፃ ትምህርት ዕድል የሚሞክሩት ተጣድፈዋል፤ የአብዛኞቹ ፕሮግራሞች ማመልከቻ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ውስጥ ይዘጋል። አንዳንዶቹ ፕሮግራሞች በእንግሊዝኛ ተምሬያለሁ የሚለውን ደብዳቤ ይቀበላሉ፤ አንዳንዶቹ ዘወር ብለው አያዩትም። አንድ በአንድ መጠየቅ ነው። ኢሜይል ለመጻፍ የሚያፍር ተማሪ ብዛቱ! ዩኒቨርሲቲን መጠየቅ መጋፋት ይመስላቸዋል። ዛሬ ሦስቱን እዚያው አጠገቤ አስቀምጬ አስጻፍኳቸው። አጭር፣ ቀጥተኛ፣ ልመና የሌለበት። መምህሩ «ለተከበሩ» ብሎ ሊጀምር ሲል እጁን ያዝኩት።

ኅዳር 21

ጽዮን ማርያም። አምና አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች አንዲት ተማሪዬ አሜሪካ ለሚገኝ ኮሌጅ ዱኦሊንጎ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ፈተና ለዛሬ ጠዋት ቀጥራ ነበር፤ ቀኑን ሳታስብ። ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ብዙም አይርቅም። ከሌሊት ጀምሮ ማኅሌቱና ቅዳሴው ክፍሉን ሞልቶት ሲያድር ላፕቶፑን ዘግታ ደወለችልኝ። «ለማታ አድርጊው፤ ፈተናው ሲመችሽ የሚጀመር አይደል?» አልኳት።

የዚህ ፈተና ነገር ይገርመኛል። ቤት ተቀምጦ፣ ካሜራ ተከፍቶ፣ አንድ ሰዓት ገደማ። ውጤቱ ከ160 ነው፤ በሁለት ቀን ይደርሳል። ኮቪድ የመፈተኛ ማዕከላትን ሲዘጋ ነው ዩኒቨርሲቲዎች በብዛት የተቀበሉት። ለሀብታም ቤት ቀላል ነው። ባለ አንድ ክፍል ቤት ግን «ብቻዎን ይሁኑ፣ ጸጥታ ይኑር፣ ዓይንዎን ከስክሪኑ አያንሡ» ሲባል ሰፈሩን በሙሉ ማስተባበር ያስፈልጋል። እናቷ ጎረቤቶቹን «ማታ ልጄ ፈተና ላይ ናት፣ አደራችሁን» ስትል ዋለች። ቡናው ቀድሞ ተወቀጠ። ታናናሾቹ አክስት ቤት ተላኩ። መብራት ቢጠፋ ላፕቶፑ ቻርጅ ተደርጓል፤ ኢንተርኔቱ ቢቋረጥ ተብሎ የስልክ ዳታ ተገዝቷል። እናቷ በር ላይ በርጩማ ይዛ ቁጭ አለች አሉ፤ እራሷም እንዳትገባ ተነግሯታል።

ክፍያው በዶላር ካርድ ስለሆነ የከፈለችው ሜሪላንድ ያለች አክስቷ ናት። ባለፈው ሳምንት ደውላልኝ ነበር።

«ጋሼ፣ ዱኦሊንጎ ማለት ያ አረንጓዴ ወፍ ያለው አይደለም እንዴ? ልጄ በስልኳ ስፓኒሽ ትጫወትበታለች። በእሱ ኮሌጅ ይገባል?»

«ኩባንያው አንድ ነው፤ ፈተናው ሌላ ነው።»

«እንዲያው ገንዘቤን እንዳይበላኝ ብዬ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ምን ይቅርታ አለው። ኮሌጁ መቀበሉን አረጋግጣችሁ ነው ወይ ብላ መጠየቋ ነበር ደስ ያለኝ። አረጋግጠናል።

ታኅሣሥ 6

ዛሬ ትምህርት አልነበረም፣ ስም ነበር። ኦንላይን ቅጽ ላይ «የቤተሰብ ስም» የሚለው ሳጥን ጋ ሲደርሱ ሁሉም ቆመው ይጠብቁኛል። አንዱ የአባቱን ጽፏል፤ ሌላው የአያቱን። መምህሩ ዩኒቨርሲቲው ላይ የአባቱን፣ ለፈተናው ደግሞ የአያቱን አስመዝግቦ ሁለት ሰው ሆኗል። በዚያ ላይ የላቲኑ አጻጻፍ አለ፤ ዮሴፍ በዲግሪው ላይ በኤፍ፣ በፓስፖርቱ ላይ በፒኤች። የፈተናው ቀን የሚታየው ፓስፖርት ነው፤ በውጤቱ ወረቀት ላይ የሚታተመውም እሱ ላይ ያለው ስም ነው። ስለዚህ ሁሉም ቦታ ፊደል በፊደል ፓስፖርቱ እንዳለው ይሙላ። ዲግሪው የተለየ ከሆነ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ማረጋገጫ ማያያዝ ነው። ፓስፖርት ያላወጣ ደግሞ ከእንግሊዝኛው በፊት እሱን ያውጣ።

ታኅሣሥ 13

የድሮ ተማሪዬ መንገድ ላይ አገኘኝና ማኪያቶ ጋበዘኝ። ጀርመንኛ እየተማረ ነው፤ ቢ ሁለት ላይ ደርሷል። የጎቴ ኢንስቲትዩትን ፈተና አመሰገነልኝ። ማንበብ፣ ማዳመጥ፣ መጻፍ፣ መናገር አራቱም ለየብቻቸው ከ100 ይታረማሉ፤ 60 ማለፊያ ነው፤ የወደቀ የወደቀበትን ክፍል ብቻ ደግሞ ይፈተናል። እሱ መጻፍ ቀርቶታል። ጀርመን በእንግሊዝኛ የሚሰጡ ማስተርሶች ሞልተዋል፤ የመጀመሪያ ዲግሪ ለሚፈልግ እንደ እሱ ላለ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጀርመንኛው አይቀርለትም።

የኮሪያና የቱርክ መንግሥታት የነፃ ትምህርት ዕድል ደግሞ ሌላ መንገድ ይዟል። መጀመሪያ ተማሪውን ይመርጣሉ፤ ወስደው አንድ ዓመት ቋንቋውን ያስተምሩታል፤ ከዚያ ይፈትኑታል። ኮሪያ ቶፒክ በሚባለው የኮሪያኛ ፈተና ሦስተኛ ደረጃ፣ ቱርክ ሲ አንድ ይጠይቃሉ። ቀላል አይደለም፤ በአንድ ዓመት ኮሪያኛ! ግን ቅደም ተከተሉ ፍትሐዊ ይመስለኛል። ቋንቋውን የፈለገው አስተናጋጁ ነው፤ የማስተማሩን ወጪም እሱ ይሸከማል።

ጥር 2

ነርሷ ውጤቷን በስልኳ ይዛ ክፍል ከመጀመሩ በፊት መጣች። ማዳመጥ 7፣ ማንበብ 6፣ መናገር 6.5፣ መጻፍ 5.5። ድምሩ 25፣ ለአራት ሲካፈል 6.25፤ ወደ ላይ ተጠግቶ 6.5። የፈለገችው ቁጥር ወረቀቱ ላይ ተጽፎላታል፤ ዩኒቨርሲቲው ግን ከ6 በታች የሆነችውን አንዷን መስመር አይቀበላትም።

የሥራ ባልደረቦቿ «ድጋሚ ይታይልኝ ብለሽ አመልክቺ» ብለዋታል። በ6 ሳምንት ውስጥ መጠየቅ ይቻላል፤ ይከፈልበታል፤ ውጤቱ ከተለወጠ ገንዘቡ ይመለሳል። ሐሳቧን ጠየቅኳት።

«የአራሚ ስህተት አይደለም ቲቸር። ሁለተኛውን ጽሑፍ አልጨረስኩትም።»

እንዴት እንዳልጨረሰችው ቁጭ ብለን አየነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ግራፍ ነው፤ 150 ቃል። ሁለተኛው ሐሳብ የሚገለጽበት ድርሰት ነው፤ 250 ቃል፣ ክብደቱም እጥፍ። ለሁለቱም የተሰጠው አንድ ሰዓት ነው። እሷ ግራፉ ላይ ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆይታለች። ደብተሯን ገልጬ የልምምድ ጽሑፎቿን ሳይ ነገሩ ግልጽ ሆነ፤ ግራፉ ላይ ያለውን ቁጥር አንድም ሳታስቀር ትጽፈዋለች። በየዓመቱ፣ በየአገሩ፣ እስከ ነጥቡ። ዎርድ ውስጥ የበሽተኛ ቻርት የሚሞላው እንዲህ ነው፤ አንድ ቁጥር ብትዘል ሰው ይሞታል። እዚህ ግን የሚፈለገው ዋናውን መርጦ ሌላውን መተው ነው። «ትልቁን፣ ትንሹንና የተለወጠውን ጻፊ፤ የቀረውን ተዪው» ስላት፣ «መተዉ ነው የሚያስፈራኝ» አለች።

ጥር 16

ዩኒቨርሲቲው ለነርሷ መልሷል። ሌላው ሁሉ ተሟልቷል፤ ቅበላዋ በቅድመ ሁኔታ ይቆያል፤ አዲሱን ውጤት እስከ ክረምት ካመጣች ያጸኑላታል። ካልሆነ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት የሚሰጥ የእንግሊዝኛ ኮርስ አለን ብለዋል፤ ዋጋውን አይተን ሁለታችንም ዝም አልን። የካቲት ላይ ድጋሚ ትፈተናለች። ተራ ተለዋውጣ፣ የሌሊት ፈረቃ ጨምራ ነው ገንዘቡን ያገኘችው።

የዱኦሊንጎዋ ልጅ 115 አግኝታለች፤ ኮሌጁ የጠየቀው 110 ነው። እናቷ ዳቦ ጋግራ ልካልኛለች። የሒሳብ ሠራተኛው መጋቢት ይፈተናል። መምህሩ አሁንም ዳቦ ቤቱ ማታ እንደሚዘጋ ነው የሚያምነው፤ ቢያንስ ወረቀት ላይ «አልተጠቀሰም» ብሎ መሙላት ለምዷል።

የቤቱ ባለቤት ለአዲሱ ዙር ማስታወቂያ ሊያትም ነው። «አይኤልትስ በ30 ቀን ዋስትና ያለው» የሚል ጽፎ አመጣ። ዋስትና የሚለውን አስወጣሁት። በምትኩ «ከመመዝገብዎ በፊት የዩኒቨርሲቲዎን መስፈርት ይዘው ይምጡ» የሚል እንዲጨምር ብጠይቀው፣ ቦታ የለም አለኝ። ቦታ አለ፤ የእኔን ስም ቢያወጣው ይበቃል። እስከ ሰኞ አስብበታለሁ ብሏል።

ማክሰኞ ግራፍ ብቻ እንሠራለን። ለነርሷ ሰዓት ይዤ 20 ደቂቃ ሲሞላ ወረቀቱን እቀማታለሁ ብያታለሁ፤ ሌሎቹም ይሞክሩት።